ውኃ ጠጥተው ይሳፈሩ

ለምወድዎና ለማከብርዎ እናቴ ለወይዘሮ ባንቺዓለም፣
ቢቸና

እንደምን ከርመዋል? ወገብዎስ እንዴት ሆነልዎ? አባቴስ ደኅና ናቸው? ጎረቤቱስ፣ ከብቱስ ሰላም ነው? እኔና ባለቤቴ ሽታሁን፣ ትንሿም ልጃችን፣ በእግዚአብሔር ቸርነት ደኅና ነን፤ ከእርስዎ ቁጣ በቀር የጎደለብን የለም።

የልጅቷ ክርስትና የካቲት አምስት እሑድ ነው። ይምጡልኝ ከማለቴ በፊት ግን የምነግርዎ አለኝ። በስልክ ሳነሣው «እሺ፣ እሺ» ብለው ስለሚዘጉብኝ ነው መጻፌ። እህቴ ንጋት አባቴ በሌሉበት ታንብብልዎ።

ኅዳር ላይ አራስ ሊጠይቁኝ ሲመጡ፣ ሽታሁን ከመናኸሪያ ደግፎ ነበር ያመጣዎ። ከንፈርዎ ተሰነጣጥቆ፣ ዓይንዎ ጎድጉዶ፣ ገና ደጃፉን ሳያልፉ ተዝለፈለፉ። ጎረቤቶቼ «የመንገድ ምች ነው» ብለው ዳማከሴ ፍለጋ ወጡ። ጠያቂዋ ታማ አራሷ አስታማሚ ሆነች። ጤና ጣቢያ ነርሱ እዮብ «ውኃ ጠጥተዋል ወይ?» ቢልዎ፣ «እንዴታ» አሉት። ግሉኮሱ ገብቶልዎ ሲመለሱ ነው እውነቱን በጆሮዬ የነገሩኝ። ከዋዜማው ጀምሮ ጠብታ አልቀመሱም ነበር። «አውቶቡስ ለወንድ እንጂ ለሴት አይቆምም» አሉኝ።

አልፈርድብዎትም። እኔም እርስዎ ያሳደጉኝ ነኝ። ትምህርት ቤታችን የሴቶቹ መጸዳጃ በር ከወደቀ ወዲህ፣ ሴት መምህራን ሁላችን ጠዋት ሻይ እንኳ ሳንቀምስ ነበር የምንገባው። ራሴን ሲያመኝ የተማሪ ጫጫታ ነው እል ነበር። ስወልድ አዋላጇ «አንቺ ካልጠጣሽ ልጅቷ ምን ትጠባለች?» ብትለኝ ነው የነቃሁት። አሁን ልጄን ባጠባሁ ቁጥር ውኃዬን እጠጣለሁ። ስንት ዘመን ጨዋነታችንን በጥማት ስንለካ እንደኖርን ሳስበው ይከፋኛል።

እዮብ ለሽታሁን የነገረውን ከእርስዎ ደብቄ ነበር፤ ከእንግዲህ አልደብቅም። ኩላሊትዎ ተጎድቷል፤ እንዲያ ያለ ድርቀት ቢደገም መመለሻ ላይኖረው ይችላል ብሏል።

ስለዚህ መላ አበጅተናል። አብራኝ የተማረችው ፈንታነሽ መንገድዎ ላይ፣ ደብረ ወርቅ ናት። ቤቷ ከመናኸሪያው ጀርባ ነው፤ መጸዳጃዋ ከውስጥ የሚቆለፍ በር አለው፤ ራሴ አይቼዋለሁ። ከመናኸሪያው በር ቆማ ትጠብቅዎታለች። ሹፌሩን የኔሰውን ሽታሁን አነጋግሮታል። «ጎማ ልይ ብዬ አቆማለሁ፤ እናታችን ሳይቸኩሉ ይመለሱ» ብሏል። ሰው ምን ይለኛል አይበሉ። እርስዎ ሲወርዱ ስንቷ ሴት ተከትላዎ እንደምትወርድ ያዩታል።

አደራዎን፣ ጠዋት ጠጥተው ይሳፈሩ፤ በመንገድም ፉት ይበሉ። ውኃው በጠርሙስ አብራዎ ከምትመጣው ከንጋት ጋር ይሁን። ልጅቷን ታቅፈው ላይዎት እንዴት እንደምጓጓ እግዜር ያውቃል። ደርቀው ከሚመጡ ግን ይቅሩብኝ። ክርስትናው ያለ እርስዎም ያልፋል፤ አንድ ቀን አልቅሼ ይወጣልኛል። ልጄ ግን አያቷን በስም ብቻ እንድታውቅ አልፈልግም።

አውቶቡሱ በቆመበት ሁሉ እንዳሻቸው ለሚወርዱት ለአባቴ ጉልበታቸውን ስሜያለሁ ይበሉልኝ። ለንጋት ናፍቆቴ ይድረሳት። ለወንድሜ ለበላቸው፣ ለባለቤቱና ለልጆቹ፣ ለእትዬ አስናቀችም ከነቤተሰባቸው የከበረ ሰላምታዬን ያቅርቡልኝ።

ልጅዎ ሰገነት
ሞጣ፣ ጥር 15 ቀን 2015 ዓ.ም.