ሁለታችንም ተለክተን ነበር

ውድ ዮፍታሔ፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ የሚጀመረው እንዲያ ስለሆነ ብቻ ነው።

ቤተ ክርስቲያን ለጋብቻችን የደም ምርመራ አምጡ ብላን አሰላ ክሊኒክ የሄድንበትን ጠዋት አትረሳውም። ሲስተር ሙቢና ደም ከመቅዳቷ በፊት የሁለታችንንም የደም ግፊት ለካች። የእኔ ከፍ ብሏል፤ ያንተ ደግሞ ከእኔም ይብስ ነበር። በሌላ ቀን ጠርታ ደግማ ለካችን። ያው ነው።

«ምንም ባያማችሁም መድኃኒት ጀምሩ። ዝም ከተባለ ልብ ይጎዳል» አለች።

«ኮምባይነር ላይ ስንገላታ ስለምውል ነው እንጂ እኔ ምን አለብኝ» ብለህ ሳቅህባት። ስንወጣ እጄን ይዘህ፣ «ለእማዬ እንዳትነግሪያት። አባዬ ማሳ ላይ ወድቆ ከቀረ ወዲህ ድንጉጥ ሆናለች» አልከኝ። እሺ አልኩህ። እወድህ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ሽማግሌዎቻችሁ ከኢተያ መጡ። የሠርግ ቀን ሊቆርጡ መስሎን አባቴ በግ አሳርዷል። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ አቶ ገብረ መድህን፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ «ልጅቷ ደም ብዛት አለባት አሉ። እሱ የንዴት በሽታ ነው። ቁጡ ሴት ደግሞ ትዳር አይሆናትም፤ ነገሩ ይቅር» አሉ። የነገርካቸው የእኔን ብቻ ነበር። አባቴ በገዛ ቤቱ አንገቱን ደፋ። እኔም ቃሌን ጠብቄ ዝም አልኩ። እስካሁን የሚያንገበግበኝ ያ ዝምታ ነው።

መድኃኒቴን ሳላቋርጥ እየዋጥኩ ነው። ግፊቴ ወርዷል። ንዴቴ ግን እንዳለ ነው፤ ስለዚህ የንዴት በሽታ አለመሆኑን በራሴ አረጋግጫለሁ።

ባለፈው እሁድ እነዚያው ሽማግሌዎች ፀዲ የምትባል ልጅ ሊጠይቁልህ እናትህ ቤት ለምክር እንደተቀመጡ ሰማሁ። ሚኒባስ ይዤ ኢተያ ወረድኩ። አንተ ማሳ ላይ ነበርክ። በሁሉም ፊት ያንተን ግፊት ተናገርኩ።

እናትህ እትዬ አሰፋች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። «አባቱም ጠዋት ደህና ነበር» አሉ። «ደህና ነኝ እያለኝ ነው የወጣው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «መድኃኒቱን የት ነው የሚሰጡት?» አሉኝ። ነገርኳቸው። «ራሴ ይዤው እሄዳለሁ» አሉ።

አዝኜልህ እንዳይመስልህ። እንደ አባትህ ብትቀር፣ ለቅሶህ ላይ ይቅር በይው ይሉኛል። ያን ዕድል አልሰጥህም። ኑር፣ አርጅ፤ እኔም ይቅር ሳልልህ ላርጅ።

ልወጣ ስነሳ አቶ ገብረ መድህን፣ «አሁን ይሄን ልጅ ማን ያገባዋል?» አሉ።

«ኪኒኑን በየቀኑ ከዋጠ የምታገባው አያጣም» አልኳቸው። «እኔን ግን አያገኝም።»

ሮሐ