ውሃ አልነካውም፦ ለጥገናና ዋስትና ክፍል ኃላፊ

ቻርጅ ያደርጋል። ሁለቱም ያደርጋሉ፣ ቀኙም ግራውም። ባለፈው ሳምንት ረቡዕ ቀትር ላይ እጄን በፎጣ ሦስቴ አድርቄ ሁለቱን የጆሮ ማዳመጫዎች ማስቀመጫቸው ውስጥ ስከታቸው ሁለት ትንንሽ መብራቶች ጎን ለጎን ቦግ አሉልኝ፤ እኔም ልብስ ከምዘፈዝፍበት ገንዳ አጠገብ ቆሜ ብቻዬን ሳቅኩ። ሰላምታዬ ከምሥራቹ ኋላ በመምጣቱ ይቅርታዎን እለምናለሁ፤ ደስታው ቀድሞኝ ነው እንጂ ሥርዓት ጠፍቶኝ አይደለም።

ክቡር የጥገናና ዋስትና ክፍል ኃላፊ፣ ለመሆኑ እርስዎ እንደምን ሰነበቱ? ቤተሰብዎ ደህና ነው? ወገብዎንስ ያ የሚሽከረከረው ወንበር ተመቸው? መስኮትዎ፣ ማህተምዎና ያ ተቆርጦ የማያልቀው የፕላስተር ጥቅልዎ ሁሉም በደህና እንዲሰነብቱልኝ ከልቤ እመኛለሁ። እኔ እርስዎ ከሚያስቡት በላይ ደህና ነኝ።

ምናልባት ካላወቁኝ (ቀና ብለው ስላላዩኝ አልፈርድብዎትም)፣ ከእርስዎ ክፍል ሁለት መንገድ ዝቅ ብሎ ባለው ላውንድሪ ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሠራሁ ሴት ነኝ። ከአሥራ ዘጠኙ ዓመት አሥራ ስምንቱን ገንዳና ካውያ ላይ ቆሜ ነው የጨረስኩት። ባለፈው ዓመት ግን የላውንድሪው ባለቤት፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው ሴትዮ፣ «አንቺ ወሬ ትችያለሽ፣ ስልኩን አንቺ ያዢው» ብለው በስልክ ትእዛዝ መቀበያው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡኝ። ማሽኖቹ ሲሽከረከሩ አጠገብዎ ያለ ሰው ቢጮህ አይሰማም፤ ደግሞም ትእዛዝ ተቀባይ በአንድ እጇ ከረጢቱን ይዛ በሌላው ስም መጻፍ ስላለባት፣ ስልክ ጆሮዋ ላይ የምትይዝበት ሦስተኛ እጅ የላትም። ስለዚህ እትዬ ከእርስዎ መደብር ገመድ አልባ የጆሮ ማዳመጫ ገዝተው ሰጡኝ። መደገፊያ ባለው ወንበር ላይ ተቀምጬ ስሠራ በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነበር። ይህን የምነግርዎ ወንበርን የሚያውቅ ሰው ስለሆኑ ይገባዎታል ብዬ ነው።

በአራተኛው ወር ቀኙ ማዳመጫ ቻርጅ ማድረግ አቆመ። እንደ ማንኛውም ሰው መጀመሪያ ራሴ ታገልኩት። ገመዱን ቀየርኩ፣ ሶኬቱን ቀየርኩ፤ ከዕቃው ጋር የመጣችው ወረቀት «ቁልፉን ለአሥር ሰከንድ ተጭነው ይያዙ» ስላለች አውራ ጣቴ እስኪደነዝዝ ተጭኜ ያዝኩ። ማስቀመጫው ራሱ ይሞላል፣ ግራው ይሞላል፣ ቀኙ ግን ግትር አለ። የዋስትናው ጊዜ ገና ስላላለፈ ወደ እርስዎ አመጣሁት። ለዚህ ጥፋቴ እስከ ዛሬ ራሴን ይቅር አላልኩም።

እንግዲህ ቅሬታዎቼን በተራ ቁጥር ላቅርብ፤ እርስዎ ቁጥር መለጠፍ እንደሚወዱ ኋላ ላይ ተረድቻለሁና።

አንደኛ። መስኮቱ ላይ የሚቀመጡት ባለ መነጽሩ ሠራተኛዎ የዕቃውን ክዳን ሳይከፍቱ ሥራዬን ጠየቁኝ። ላውንድሪ አልኳቸው። «በይ እንግዲህ፣ ውሃ ነዋ» አሉና ጻፉ። ለምርመራው ፍጥነት ያለኝን አድናቆት በምን ቃል ልግለጸው? ሐኪም እንኳ መጀመሪያ ምላስ አውጪ ይላል። ዕቃውን ማየት ሳያስፈልገው ከባለቤቱ ሙያ ብቻ ብልሽት የሚያውቅ ክፍል በአቅራቢያችን በመኖሩ ሰፈሩ በሙሉ ሊኮራ ይገባዋል።

ሁለተኛ። በግድግዳዎ ላይ በራስዎ ፊርማ የወጣ መመሪያ አለ፤ ወረፋ ስጠብቅ በቃሌ ይዤዋለሁ፦ «የሚገቡ ዕቃዎች መለያ ቁጥር የዕቃውን መልክ እንዳያበላሽ ከውስጥ በኩል ይለጠፍ።» ለዕቃ እንዲህ የሚሳሳ ልብ ከየት ይገኛል? ሠራተኛዎም ትእዛዝዎን አክብረው ቁጥሬን በጠራ ፕላስተር ላይ በቀጭን ብዕር ጽፈው፣ ማዳመጫዎቹ በሚተኙበት ጉድጓድ ወለል ላይ፣ ጥፍር በማይደርስበት ቦታ፣ አሳምረው ለጠፉት። ቁጥሩንማ አይቼዋለሁ፤ ፕላስቲኩ ላይ የጻፉት መስሎኝ ነበር እንጂ ከሥሩ ፕላስተር አለ ብሎ ማን ይጠረጥራል። ከሳምንት በኋላ «ታይቷል» ተብሎ ሲመለስልኝ ደህና የነበረው ግራውም ቻርጅ ማድረግ ትቶ ነበር። አንድ በሽተኛ አስገብቼ ሁለት አስታማሚ የሚያስፈልጋቸው ይዤ ወጣሁ። ማስቀመጫው ጠግቦ አረንጓዴ ያበራል፣ ውስጡ ያሉት ሁለቱ ግን ጦማቸውን ያድራሉ። ይህንኑ ብናገር ሠራተኛዎ «ውሃው ወደ ግራው ተሻግሮ ይሆናል» አሉኝና ሁለተኛ ቁጥር ለጠፉበት። በሦስተኛው ምልልሴ ሦስተኛ ቁጥር ተጨመረበት፤ ጽሑፉ ተደራርቦ ዶሮ የጫረው መሰለ።

በዚያን ጊዜ ነው እርስዎን ለማነጋገር የበቃሁት። የምለውን ሁሉ ጆሮ ዳባ ልበስ ብለው ካሳለፉ በኋላ «እመቤት፣ ማሽን አይዋሽም» አሉኝ። እኔ ግን በእጅዎ ላይ ያየሁት ማህተም ብቻ ነበር። ምናልባት ማሽኑ እሱ ይሆናል ብዬ አመስግኜ ወጣሁ።

ሦስተኛ። ሌላውን ሁሉ ብተወው ይህን አልተውም። የዋስትና ካርዱ በላውንድሪው ስም ስለነበር ደብዳቤዎን የላኩት ለእኔ ሳይሆን ለእትዬ ነው። «የተጠቃሚ ጥፋት፤ ዕቃው ውሃ ውስጥ የተነከረ መሆኑ ተረጋግጧል» ይላል፣ ክብ ማህተም አለበት፣ ፊርማዎ እስከ ወረቀቱ ጠርዝ ይጓዛል። እትዬ ዕንባ ያቀረሩት ለዕቃው አልነበረም። ሠራተኛው ሁሉ ቆሞ እየሰማ ደብዳቤውን ጮክ ብለው አነበቡና «ዕቃውስ ይጥፋ፣ ዕቃ ነው። ይህን ሁሉ ዓመት ሳምንሽ ኖሬ ለምን ትዋሺኛለሽ?» አሉኝ። እኔም ማስቀመጫውን ከነደረሰኞቹ ሽርጤ ኪስ ውስጥ ከተትኩት። በማግስቱ ወንበሩ ራዲዮ ለምንላት ባልደረባዬ ተሰጠ፣ እኔም ወደ ገንዳው ተመለስኩ።

አምስት ሳምንት። ራዲዮ ትእዛዝ መቀበሏን ስትጨርስ ወደ እኔ እየዞረች «ስሚ እንጂ፣ ከነጭ ጋር ነው ከባለቀለም ጋር ያጠብሽው?» ትለኛለች። ካውያ ላይ ያለችው ደግሞ «ስታሰጪው በመቆንጠጫ ያዢው፣ ነፋስ ይወስድብሻል» ትላለች። በሌላ ሰው ላይ ቢሆን እኔም እስቅ ነበር፤ ቀልዱ ጥሩ ነው። ግን ሳሙና እጄን ሲሰነጥቀው፣ ሸሚዝ ሳሽ፣ የማስበው አንድ ነገር ነበር። ወንበሩን አላልኩም። እትዬ በደንበኛ ኪስ ውስጥ የተረሳ ገንዘብ ሳገኝ ሳይቆጥሩ የሚቀበሉኝ ሴት ነበሩ፤ አሁን ከረጢት ስዘጋ ከበስተኋላዬ ቆመው ያያሉ። ይህን ያደረጉልኝ እርስዎ ነዎት፣ በአንድ መስመር ጽሑፍ። እጅዎ ይባረክ።

አሁን ወደ ረቡዕ ልመለስ። በእኛ ሙያ ነጭ ሸሚዝ ላይ ያለ የዘይት ጠብታ ፊት ለፊት ሲያዩት አይታይም፤ ጨርቁን ወደ መስኮት አጋድለው ብርሃን በጎን ሲመታው ነው ራሱን የሚያጋልጠው። በምሳ ሰዓት፣ ተስፋ ቆርጬ ሳለሁ፣ ማስቀመጫውን እንደ ሸሚዝ ኮሌታ አጋድዬ አየሁት። በወለሉ ላይ ቀጭን ጠርዝ አብለጨለጨ። የልብስ ምልክት የምንፈታበትን መርፌ አምጥቼ ጫፉን ፈልቀቅ ባደርገው ተነሣ። ከሥሩ ሌላ። ከሥሩ ሌላ። ሦስቱም እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተራ በተራ ወጡ፣ ሦስቱም ላይ የእርስዎ ክፍል ቁጥር አለ፣ ሦስቱም የተለጠፉት ማዳመጫዎቹ ኃይል በሚቀበሉባቸው በእነዚያ የወርቅ ቀለም ባላቸው ነጥቦች ልክ ላይ ነው። የሁሉም መጨረሻ ላይ፣ በቀኙ በኩል ባለችው ነጥብ ላይ፣ ከሰሊጥ የምታንስ የሸሚዝ ብናኝ ተጠቅጥቃ አገኘሁ። እሷ የእኔ ናት፤ አልክድም። በደረቅ ጥጥ አንድ ጊዜ ጠረግኳት። የቀረውን ከላይ ጽፌልዎታለሁ።

ውሃ ግን አንዲት ጠብታ አልነበረም፣ ክቡርነትዎ። ፈልጌ አጣሁት።

እኛም በሰው ልብስ ላይ ቁጥር እናደርጋለን፤ በቀን መቶ ሃምሳ ልብስ ላይ። ነገር ግን ቁጥሩን በአዝራር ቀዳዳው ላይ ሰፍተንበት ሲያበቃ ባለቤቱን «ሸሚዝህ አልቆለፍ ያለህ ስለወፈርክ ነው» ብለን ደብዳቤ ጽፈንለት አናውቅም። የተማረ ሰው ስለሌለን ይሆናል።

ፕላስተሮቹን በመዳፌ ላይ ደርድሬ እትዬ ዘንድ ገባሁ። አንድ በአንድ ቁጥራቸውን ከደረሰኞቹ ጋር አስተያዩ። ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ በራሳቸው ስልክ እንዲደውሉልኝ ጠየቅኳቸው፤ ከእኔ ሁለት እርምጃ ርቀው ቆመው በስልኩ ውስጥ «ይቅር በይኝ፣ እህቴ» አሉኝ። ክቡር ኃላፊ፣ ድምፁ እንዴት ጥርት ያለ መሰለዎት። ዕቃችሁ ምርጥ ዕቃ ነው፤ ለዚህ ምስጋናዬ እውነተኛ ነው።

አራተኛ ቅሬታ ነበረኝ፤ ደስታ አስረስቶኛል። ይልቅ አሁን ስላለሁበት ሁኔታ ላጫውትዎ። ወንበሬ ተመልሷል፣ ራዲዮም ገንዳው ላይ ሆና ቻርጅ አድርጎ እንደሆነ በየሰዓቱ በትሕትና ትጠይቀኛለች። ስልኩም በእጄ ነው፤ በሳምንት ሁለት መቶ ሰው ያነጋግረኛል። ስለ ኮትና ስለ አንሶላ ከተነጋገርን በኋላ እያንዳንዱን ደንበኛ «ምናልባት ከዚያ ጥገና ክፍል የተመለሰ፣ ቻርጅ የማያደርግ ማዳመጫ ቤትዎ ይኖር ይሆን?» ብዬ እጠይቃለሁ። እስካሁን አሥራ አራት ሰው «አለኝ እንጂ» ብሎኛል። ይዘው መጡ፣ በመርፌዬ ተላጠ፣ አሥራ አራቱም በራ። ደብዳቤዎቻቸውንም አነበብኩ፤ ለካ ክፍልዎ የሰውን ኑሮ ሁሉ ያውቃል። የዳቦ ጋጋሪው ዱቄት ይላል። የአናጺው ሰጋቱራ ይላል። የመምህሩ የጠመኔ ብናኝ። ሥራ ፈቶ የተቀመጠው ጎረቤታችን ምን ይባል ብለው ተጨንቀው መሆን አለበት፣ የእሱ «ከመጠን በላይ መጠቀም» ይላል።

የተላጡትን ፕላስተሮች በጥቁር ጨርቅ ላይ በተራ ለጥፌ፣ ከያንዳንዳቸው ሥር ደብዳቤያቸውን በመርፌ ቁልፍ አያይዤ፣ የላውንድሪው መስተዋት ላይ ከውስጥ በኩል ሰቅያቸዋለሁ። ከውስጥ በኩል ያልኩት የመስተዋቱን መልክ እንዳያበላሽ ነው። መንገደኛ እየቆመ ያነባል። አንጀቴ ቅቤ ጠጥቷል ብልዎ ማጋነን አይሆንብኝም።

የምጠይቅዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። በዚያው ማህተም፣ በዚያው ረጅም ፊርማ፣ «ውሃ አልነካውም፤ ጥፋቱ የእኛ ነው» የሚል ደብዳቤ እንዲጽፉልኝ፣ ለአሥራ ሦስቱ ደንበኞችም (የአሥራ አራተኛዋን ነገር ከታች ያገኙታል) እንደየሙያቸው እንዲጽፉላቸው፤ የመጀመሪያው ደብዳቤዎ በተነበበበት ቦታ፣ እዚሁ ላውንድሪው ውስጥ ቆመውም በራስዎ ድምፅ እንዲያነቡልን። በፖስታ አይላኩት። ስሜ የጠፋው ሰው በተሰበሰበበት ነው፣ የሚመለሰውም እንደዚያው ነው።

ለሦስት ፕላስተር፣ ለአምስት ሳምንት ገንዳና ለአንድ መስመር ደብዳቤ ያለኝን ምስጋና ደግሜ እያቀረብኩ፣ ዕድሜና ጤና፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ዕቃ ከፍቶ የማየት ትዕግሥት እንዲሰጥዎ የምመኝ፣

አክባሪዎ፣ የላውንድሪዋ ትእዛዝ ተቀባይ

ግልባጭ፦
ለእትዬ፤
ለባለ መነጽሩ ሠራተኛዎ፣ ከአንድ ቁራጭ ደረቅ ጥጥ ጋር፤
መስተዋታችን ፊት ለሚቆም ሁሉ።

ማስታወሻ፦ ባለቤትዎ የዘወትር ደንበኛችን መሆናቸውን ሳያውቁ አይቀሩም። ማክሰኞ ስለ መጋረጃቸው ሲደውሉ እንደ ልማዴ ጠየቅኳቸው። ማዳመጫቸውን እርስዎ ራስዎ ወደ ክፍሉ ወስደው መልሰው እንዳመጡላቸውና «ስትታጠቢ ጆሮሽ ላይ ረስተሽው ነው» እያሉ ሦስት ወር እንደወቀሷቸው አጫወቱኝ። ትናንት ይዘውት መጡ፤ ከአሥራ አራቱ የመጨረሻዋ እሳቸው ናቸው። መርፌውን ተቀብለው በገዛ እጃቸው ላጡት፤ ሁለት ንብርብር ነበር፣ የእርስዎን የእጅ ጽሑፍም አወቁት። ፕላስተሩን አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱና «ባለቤቴ ደብዳቤውን የሚያነብበት ደስታችሁ መቼ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ለእሳቸው የነገርኳቸውን ለእርስዎም፣ ለአሥራ ሦስቱም፣ ይህን ለሚያነብ ሁሉም እነግራለሁ፦ ማሽኖቹን አጥፍተን፣ በሩን ከፍተን እንጠብቃችኋለን፤ ማንም እንዳይቀር፤ ቀኑ የፊታችን ቅዳሜ ነው፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት።