ጠጠር አለ፣ ቀስ በል

ጉልቤው ወዳጄ፣

እግርህ እንዴት ሆነልህ? የሞተር ጉዞ ዕቃዬን ሳሎንህ ምንጣፍ ላይ ዘርግተን፣ አንተ በጀሶህ ሶፋው ላይ ተጋድመህ «ይሄ ይግባ፣ ይሄ ይውጣ» ስትል፣ ባለቤትህ «ቤቴን ጋራዥ አደረጋችሁት!» ያለችን ትዝ እያለኝ ብቻዬን እስቃለሁ። የጎማ መንፊያው፣ ትርፍ ካላማዳሪያው፣ የዝናብ ልብሱ፣ ሁሉም አንተ እንዳልከው ነው የገባው። ለሁለት የገዛነውን የሄልሜት መነጋገሪያ ግን፣ «ብቻህን ለማን ልታወራ ነው?» ብለህ ብታስወጣውም፣ የእኔን ደብቄ ይዤዋለሁ።

ዛሬ ጠዋት ዝናቡ ሲያባራ ተራራ እየወረድኩ ልክ የሰፈራችንን ቁልቁለት የመሰለ ኩርባ ገጠመኝ። እኛ ጋ ከዳር የሰው አጥር አለ፤ እዚህ ገደል ነው። ሳላስበው በመነጋገሪያው «ጠጠር አለ፣ ቀስ በል!» አልኩና እንደ ወትሮው «አየሁት» እስክትለኝ ጠበቅኩ። ያንተ መነጋገሪያ ግን ቤትህ መሳቢያ ውስጥ ነው። አፌ ይህን ሲል ግን እጄ ነዳጅ ቀንሶ ነበርና በደህና አለፍኩ።

ከኩርባው ማዶ ሞተሬን አቁሜ ብዙ አሰብኩ። ያን ሁሉ ዓመት በየሞተራችን ስንነዳ ከፊት ሆኜ መንገዱን ስነግርህ፣ ጠባቂህ እኔ ይመስለኝ ነበር። ለካ እኔም ቀስ የምለው አንተ ከኋላዬ ስላለህ ነው።

ፖስት ካርዷ ሞላችብኝ። ባለቤትህን ሰላም በልልኝ፣ ልጆቹን ሳምልኝ። ያንተን መነጋገሪያ ከመሳቢያው አውጥተህ እስክመለስ ቻርጅ አድርገው። ደረጃውን በክራንች ስትወርድም ቀስ በል።

«አየሁት» በለኝ እንጂ።