ሪባኑን ቆረጥነው፣ አዩ

ውድ ባለቤቴ፣ አዩዬ፤

ከተለየሽኝ ዘጠኝ ወር ሞላ። በሰኔ ዝናብ ነው የቀበርንሽ፤ አሁን መጋቢት ገብቷል። ደብዳቤ መጻፍ እንደማልወድ ታውቂያለሽ። ልብስ ሰፊ እስክሪብቶ የሚይዘው ልክ ለመጻፍ ብቻ ነው ስልሽ ትስቂብኝ ነበር። ዛሬ ግን ሳልነግርሽ ብቀር የሚያንቀኝ ወሬ ይዣለሁ። ከገረሴ በላይ ላለው መንደር የዘረጋሽው የምንጭ ውሃ፣ የመጨረሻው ሥራሽ፣ ሁለተኛውን በጋ አለፈ። ውሃው እየወረደ ነው።

አስቀድሜ የቤቱን ላውራሽ። ልጃችን ሰላም ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት። ግትርነትሽን ሙሉውን ወርሳዋለች፣ አንዲት ክር አላስቀረችም። ወጡን እኔ እሠራለሁ፣ እሷ ቀምሳ ፊቷን ታጨማድዳለች፣ ከዚያ ሁለታችንም እንበላለን። በር ላይ የተከልሽው ማንጎ አበባ ይዟል። የግቢው ቧንቧ ደግሞ እንደ ድሮው ጠብ ጠብ ይላል። የመሐንዲስ ቤት ቧንቧ ያፈሳል እያሉ ጎረቤቶች ሲስቁብን አልነበር? አሁንም ይስቃሉ፤ እኔም አላስጠገንኩትም፣ ድምፁን ለምጄዋለሁ።

እዚህ ከተማ፣ ሲቀላ ሱቄ መጀመሪያ የመጣሽበትን ቀን ሰሞኑን ደጋግሜ አስባለሁ። አዲስ ተቀጣሪ ነበርሽ፤ የውሃ መሥሪያ ቤቱ የሰጠሽ የሥራ ሱሪ ለወንድ የተሰፋ ነበር። ወገቡን አጥብብልኝ፣ ኪሱን ግን አስፋው፣ መፍቻ ይገባበታል አልሽኝ። ሴት ለመፍቻ ኪስ ስታዝ ያን ቀን ማየቴ ነው። ልክሽን ከነኪሱ ደብተሬ ላይ ስጽፍ፣ ለማንም የማላደርገውን፣ አንድ ሙሉ ገጽ እንደሰጠሁሽ እስከ ዛሬ አልነገርኩሽም። ስንጋባ ጓደኞቼ፣ እዚያ ቤት ሱሪ የታጠቀችው እሷ ናት እያሉ ሲያላግጡብኝ፣ የሰፋሁላት እኔ ነኝ እያልኩ አፋቸውን አስይዛቸው ነበር።

ከዶርዜ ማዶ ያለችው መንደር ምንጯ ጎልብቶ፣ ቱቦ ተዘርግቶ፣ ቦኖው፣ የመንደሩ የጋራ መቅጃ፣ ሲመረቅ ሪባኑን የሰፋሁት እኔ ነኝ። የመጀመሪያ ሥራሽ ነበርና ቀይ ሳቲን መርጬ ጠርዙን ሁለት ጊዜ አጠፍኩት። ንግግር ተደረገ፣ ተበላ፣ ተጨፈረ። በጋው ሳያልቅ ተመልሰሽ ብትሄጂ ቦኖው ደርቆ ፍየል ታስሮበት አገኘሽ። የተበላሸው አንዲት የጎማ ቀለበት ብቻ ነበረች። ጥገና ያሠለጠናችሁት ሰውዬ ግን ሙያውን ይዞ፣ መፍቻውንም ጨምሮ፣ ሲቀላ ወርዶ ቧንቧ ሠራተኛ ሆኗል። የእኛን የግቢ ቧንቧ አንድ ሰሞን የጠገነው ያው ሰውዬ መሆኑን ስትደርሺበት መጀመሪያ ሳቅሽ፣ ከዚያ አለቀስሽ። እሱ ላይ አልፈረድሽም። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ሰውን ከነእግሩ ማሰብ ነበረብኝ፣ እግር ያለው ይሄዳል አልሽኝ።

ለሚቀጥለው ሥራሽ አዲስ ሪባን ሰፍቼ ብሰጥሽ መለስሽልኝ። መንደሩ እኔን ለጥገና ሳይጠራ ሁለት በጋ ካልተሻገረ ሪባን አይቆረጥም አልሽ። አለቆችሽ ተቆጡ፤ ግማሹ ትዕቢት ነው አለ፣ ግማሹ ሟርት። አንቺ ንቅንቅ አላልሽም። ከዚያ በኋላ የሠራሻቸው ብዙዎቹ ሁለቱን በጋ ተሻገሩ፤ ግን ከሁለት ዓመት በኋላ ሪባን ቁረጡ ብሎ የሚያስታውስ ማን አለ? አንቺ ብቻሽን ወጥተሽ አንድ ጣሳ ውሃ ጠጥተሽ ትመለሺ ነበር። ሪባኑ ከስፌት መኪናዬ መሳቢያ ሳይወጣ ዓመታት አለፉ።

ገረሴ ላይ ደግሞ ጥገናውን ለሦስት ሴቶች ሰጠሽ። አባቶች ዱቡሻ ላይ፣ ለሸንጎ በሚቀመጡበት አደባባይ፣ ጎበዝ ሞልቶ ሳለ ለምን ብለው ጠየቁሽ። እንሰት የተከለች ሴት እንሰቷ እስኪደርስ የትም አትሄድም፣ ሲደርስ ደግሞ ሌላ ተክላ ትጠብቀኛለች ብለሽ መለስሽ። ሳቁና ተስማሙ። ይህን ስታወሪልኝ እንዴት እንደኮራሽ አልረሳውም። ወይዘሮ አማረችንና ሁለቱን ጓደኞቿን ስታሠለጥኚ አንዱን የቱቦ መጋጠሚያ ሆን ብለሽ ታላዪና፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠሽ ቆሎ እየቆረጠምሽ፣ ፈልገው እስኪያገኙት ትጠብቂያቸው ነበር። አንድ ቃል ሳትተነፍሺ፣ አንቺ ጨካኝ!

ታመሽ አልጋ ላይ ሆነሽ እንኳ የምትጠይቂው ስለዚያ ቱቦ ነበር። እውነቱን ልንገርሽ፣ ቀናሁ። በቱቦ የቀና ባል እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ሥራዬ አለቀ የምለው እኔ ሳልኖር ሲሠራ ነው ስትይኝ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ሳልኖር የሚለውን ቃል ጠላሁት።

ከሄድሽ በኋላ ያችን ባለ ቁልፍ ስልክሽን አላጠፋሁም። መንደሮቹ ሁሉ የሚያውቁት ቁጥርሽ እሱ ነው። ስፌት መኪናው ላይ አስቀምጬ በየቀኑ ቻርጅ አደርገዋለሁ። ሰላም፣ አባዬ ማን ይደውላል ብለህ ነው ብትለኝ ቻርጀሩን ይበልጥ አጥብቄ ሰካሁት። ቢጮህ ቱቦሽ ተበላሸ ማለት ነው ብዬ እፈራ ነበር፤ ዝም ሲልም እፈራ ነበር። ኅዳር ዝም፣ ታኅሣሥ ዝም። ጥር ላይ ከገረሴ ገብስ ይዞ የወረደ ነጋዴ ሱቄ ገብቶ፣ መንገድ የሚጠርግ ግሬደር ያንን ቱቦ በጠሰው ብሎ አረዳኝ። እጄ ላይ የነበረውን ኮት የት እንዳስቀመጥኩት አላውቅም። ስልኩን ይዤ ዋልኩ። ማንም አልደወለም። አየለች የለችም ብለው ተስፋ ቆረጡ፣ ዳግመኛ ፍየል ታሰረበት አልኩ። ወጥቼ ማየት ሲገባኝ ፈርቼ ቀረሁ፣ አዩ። ይቅር በይኝ። የሠራሽው ሁሉ ከአንቺ ጋር ሞቶ ማየት አልቻልኩም።

ባለፈው ሳምንት ስልኩ ጮኸ። አማረች ናት። የእሷ አማርኛ እንደ እናቴ አማርኛ ነው፣ አንቱታ አያውቅም። «ሪባኑን ይዘህ ና፤ ሁለት በጋ አለቀ» አለችኝ። ሌላ ምንም አላለችም። ሪባን እንዳለን ለካ ነግረሻት ኖሯል።

ሰላምን ይዤ ወጣሁ። መኪናው እስከሚደርስበት ሄደን ቀሪውን በእግራችን ተያያዝነው፤ ትንፋሼ ሊወጣ ደረሰ፣ ልጅሽ ግን አልጠበቀችኝም። መንገዱ ዳር አማረች ቆማ ግሬደሩ የበጠሰውን ቦታ አሳየችኝ። መጋጠሚያው እንደ ጥሩ ስፌት ጥብቅ ብሏል፣ አንዲት ጠብታ አያስወጣም። በሦስተኛው ቀን ውሃው ተመልሶ ነበር። ታዲያ ለእኛ ለምን አልደወላችሁም ብላት ገርሟት አየችኝና፣ «ብንደውል እኮ አየለች ታዝንብን ነበር» አለችኝ። እዚያው መንገድ ዳር ተቀምጬ አለቀስኩ። የደስታ ነው፤ ለሰላምም እንደዚያው ነግሬያታለሁ።

ሹም አልመጣም፣ ድምፅ ማጉያም አልነበረም። መንደሩ ግን አንድም ሰው ቤቱ አልቀረም። የመንደሩ ሽማግሌ እርጥብ ሣር ይዘው መረቁ፤ ስምሽን ሦስት ጊዜ ጠሩት፤ ሕዝቡ በየተራው አሜን አለ። ሪባኑን ቦኖው ላይ አስረው፣ አንተ ቁረጠው አሉኝ። ስንት ዓመት ጨርቅ የቆረጥኩ ሰውዬ፣ በገዛ መቀሴ፣ አንድ ሪባን አጣምሜ ቆረጥኩ። ብታዪኝ ትስቂ ነበር። ከዚያ አማረች ቧንቧውን ከፈተችው፤ ሕፃናቱ ጮኹ፣ ሴቶቹ እልል አሉ፣ ውሃው ጫማዬን አራሰው። አንድ ጣሳ ቀድቼ በአንቺ ፈንታ ጠጣሁ። እንዴት ይቀዘቅዛል መሰለሽ! አሸነፍሽ እኮ፣ አዩዬ። አሁን ሳልኖር ያልሽውን ያን ቃልሽን አልጠላውም።

ስልክሽን ዛሬ አጥፍቼ ከመታወቂያሽ ጋር አኖርኩት። በየዓመቱ መጋቢት ላይ ግን እወጣለሁ፤ ጉልበቴ እምቢ ካለ ሰላም ትወጣለች፣ ጣሳዋን ይዛ። ይህን ቃል እገባልሻለሁ።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ። የሞተ ደንበኛን ልክ ከደብተሩ በአንድ መስመር መሰረዝ ከአሠልጣኜ የወረስኩት ልማድ ነው። ያንቺን ገጽ ዘጠኝ ወር ሙሉ ስገልጠው ስከድነው ከረምኩ። ልንመለስ ስንል አማረችና ጓደኞቿ ወደ ጎን ጠሩኝ። እያፈሩ፣ ለጥገና ሲወጡ ከቀሚስ ሥር የሚለብሱት ሱሪ እንድሰፋላቸው ጠየቁኝ። ኪሱስ ስንት ይሁን ብላቸው ሦስቱም በአንድ አፍ፣ «እንደ አየለች» አሉኝ። ልካቸውን ካንቺ ስም ሥር፣ እዚያው ገጽ ላይ ጻፍኩት። የኪሱን ግን አልጻፍኩም፤ እሱን ካንቺው ልክ ነው የምወስደው፣ ስለዚህ ገጽሽ አይሰረዝም።

ባልሽ፣ ልብስ ሰፊሽ