የእናትሽ ሕመም

ላሊበላ፣ ጥር 28 ቀን 1973 ዓ.ም.

ባሕር ተሻግረሽ ለምትኖሪው ለውድ ባለቤቴ ይድረስ፤

እንደምን ሰነበትሽ? የኤደን ሙቀት በረታብሽ ወይስ ለመድሽው? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ። እዚህ ብርዱ ገና አልለቀቀንም፤ ተማሪዎቼ እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ከትተው ነው የሚማሩት።

የላክሽው ፎቶግራፍ ደርሶኛል። መምህር አድማሴ ከእጄ ነጥቆ ለመምህራኑ ሁሉ አዞረው። የኛዋ ልጅ የውጭ አገር ሰውን እንግሊዝኛ ታስተምር ጀመረች እያሉ ተደሰቱልሽ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ቤት ገብቼ ብቻዬን ስሆን ግን ከኋላሽ ሰሌዳው ላይ የጻፍሽውን አነበብሁት። ደሴ መምህራን ማሠልጠኛ ሳለን ዘወትር እየተሳሳትሽ እኔ የማርምልሽ ዓይነት ዓረፍተ ነገር ነው። አንድም ስሕተት አላገኘሁበትም። መፈለጌን ግን አልደብቅሽም። አጠገብሽ የቆመውንም ሰው ደጋግሜ አየሁት። ሙሉሃብት የምትይው የጎንደሩ መምህር እሱ ነው? በአንድ ደብዳቤ አራት ቦታ አንስተሽዋል።

ወደ ኤደን የሚላኩ መምህራን የተመረጡበትን ፈተና አብረን ተፈተንን፤ አንቺ አለፍሽ፣ እኔ ወደቅሁ። ለሰው ሁሉ የዚያን ዕለት ትኩሳት ይዞኝ ነበር ስል አንቺም አጠገቤ ሆነሽ ሰማሽ፤ ትኩሳት እንዳልነበረብኝ እያወቅሽ ዝም አልሽልኝ። ከመውደቄ ይልቅ ያ ዝምታሽ ቆጨኝ።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ቅዳሜ እናትሽ ከብልባላ በእግራቸው መጥተው፣ ገበያ ውለው ወደ ቤት ጎራ አሉ። እንደ ወትሮው ደብዳቤሽን እንዳነብላቸው ጠየቁኝ። «እናቴ በጠና ታማ እኔ እዚህ ምን እሠራለሁ፤ ውሌን አፍርሼ በመጋቢት እመጣለሁ» ከሚለው ስደርስ ልዘለው አስቤ ነበር፤ አፌ ቀደመኝ።

እናትሽ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ የታመመችው የማን እናት ናት አሉኝ። ቀጥለውም፣ እኔ በኅዳርም በታኅሣሥም አልታመምሁ፣ ማን ነው እንዲህ ብሎ የጻፈላት አሉ። እኔ ነኝ አልኋቸው። የቤቱ ባዶነት ከብዶኝ ነው ብል፣ «ታዲያ ልጄ፣ እኔን ከምታሳምመኝ ራስህን አትታመምም ነበር?» አሉኝ።

መልሱን ላንቺ ልጻፈው። ታሟል ቢሉሽ ለእኔ ሕመም ሥራሽን ትተሽ እንደምትመጪ እርግጠኛ አልነበርሁም።

እናትሽ ፍጹም ጤነኛ ናቸው። ውልሽን አታፍርሺ። ለአስተዳዳሪዎቹ ማመልከቻ አስገብተሽ ከሆነ ነገ ዛሬ ሳትይ መልሰሽ ውሰጂው፤ ጥፋቱ የእኔ መሆኑንም ንገሪያቸው። ምን ያህል እንደምትቆጪኝ አላውቅም፤ ብትቆጪም አልከፋም።

እናትሽ ከቅዳሜ ወዲህ ወደ ብልባላ አልተመለሱም፤ አሁን ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ይህን ደብዳቤ እየጠበቁ ነው። ፖስታውን እንዳልዘጋው አዘውኛል። እውነቱን መጻፌን አንብበው እንዲነግሯቸው መጀመሪያ ይዘውት የሚሄዱት ቄስ ወልደ ሩፋኤል ቤት ነው፤ ከዚያ በኋላ ራሳቸው ያስልኩታል።

የላሊበላ ቅዱሳን ከክፉ ይሰውሩሽ፤ እጅሽን ያበርቱልሽ፤ በሄድሽበት መወደድን ይስጡሽ።

አሁንም ባልሽ ከሆንሁ፣
ባለቤትሽ