በሃያ ሰባት እንዲያልቅ ስለተደረገው ባርኮዳችን

ለተከበሩ አቶ ያዕቆብ
የሰፈራችን ነጋዴዎች ማኅበር ሊቀመንበርና የማተሚያ ቤት ባለቤት
አዲሱ ገበያ

ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤናና በጥሩ እንቅልፍ ላይ ያገኝዎ ዘንድ እመኛለሁ፤ እኔና እኅቴ ደሳለች እንቅልፉን ካጣነው ስለሰነበትን፣ የእኛም ድርሻ ለእርስዎ ቢደርስ ቅር አይለንም።

1. ለምጥን ሽሯችን ከረጢት የሰጠንዎት የባርኮድ ቁጥር በ23 የሚያልቅ ነበር። እርስዎ ግን ማንም ሳይጠይቅዎ 3ቱን ወደ 7 ለውጠው፣ «በሃያ ሰባት ካለቀ መድኃኔ ዓለም ይባርከዋል» ብለው አተሙት። ለነፍሳችን ስላሰቡ ከልብ እናመሰግናለን።

2. የባርኮድ የመጨረሻ ቁጥር እንደ ከረጢት ቀለም የሚመረጥ አይደለም። ከፊቱ ያሉት አሥራ ሁለት ቁጥሮች፣ ከግራ ጀምሮ አንዱ እንዳለ፣ ቀጣዩ በሦስት እየተባዛ ይደመራሉ፤ ድምሩ ቀጥሎ ወዳለው ሙሉ አሥር ለመድረስ የሚጎድለው ያ የመጨረሻው ቁጥር ነው። የእኛ ድምር 97 ስለሆነ የሚጎድለው 3 ነበር። ማሽኑ ይህንኑ ደምሮ ካልገጠመለት አያነብም፤ የየትኛው ታቦት ዕለት እንደሆነም አይጠይቅም።

3. ስንት ጊዜ ደጅ ጠንተን ያገኘነው ሱፐርማርኬት፣ ሽሮ በሚፈለግበት በዐቢይ ጾም መግቢያ፣ ማሽኑ አላነብም ስላለ ዕቃችንን መለሰ፤ መደርደሪያችንንም ለሌላ ሰጠ።

4. ደሳለች ይህን ልታስረዳዎ ስትመጣ፣ በሠራተኞችዎ ፊት «እኅት ዓለም፣ አንቺ የጎደለሽ ቁጥር ሳይሆን እምነት ነው» ብለው አሳቁባት። ስለ ምክርዎ እናመሰግናለን፤ እምነት ግን አልጎደለንም። እሁድ በሚደረገው የማኅበሩ ምርጫ እንደሚወድቁ በሙሉ ልብ እናምናለን።

ከተመለሱት ካርቶኖች በአንዱ ላይ ተቀምጣ፣ ለክብርዎ የሚገባውን ያህል ዝቅ ብላ እጅ የምትነሳዎት፣ ውለታዎንም የማትረሳው
ሐመልማል
ከቀጨኔ

ማስታወሻ፦ የተመለሰውን ሽሮ አልጣልነውም፤ እሁድ ከምርጫው በፊት፣ ለምን እንደተመለሰ እየነገርን፣ ለእያንዳንዱ አባል አንዳንድ ከረጢት በነጻ እናድላለን። የማተሚያ ቤትዎ ስምና ስልክ ከከረጢቱ ግርጌ በጉልህ ስለታተመ፣ የማን ሥራ እንደሆነ ማስረዳት አይጠበቅብንም። ተፎካካሪዎ ደሳለች ናት።