ሽማግሌዎቹ ያልቀመሱት እራት

ለማከብርዎና ለምሳሳልዎ ወንድሜ ለጋሽ ግዛው፣
ይርጋለም

ወንድም ጋሼ፣ እንደምን ሰንብተውልኛል? ያ ጉልበትዎ ተሻለዎ ወይስ አሁንም ግድግዳ እየያዙ ነው የሚሄዱት? እቴ ጤናዬስ የደም ግፊቷ ወረደላት? ጨው በድብቅ መብላቷን ካልተወች ከዚህ ሆኜ እንደምቆጣት ይንገሩልኝ። ልጆቹስ? ጎረቤቱስ? የጓሮው አቮካዶ ዘንድሮ አፈራ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ብርዱ ገብቷል፤ ገና በዘጠኝ ሰዓት ተኩል ይጨልማል። እዚያው የአዛውንቶች መጦሪያ ቤት ነው የምሠራው፤ ሲከየም ይሉታል። ወገቤን አንዳንዴ ይዞኝ ነው እንጂ በጤና አለሁ።

ይህን ደብዳቤ የቤተ ክርስቲያናችን ልጅ እታለም ይዛልዎ ትመጣለች፤ እሑድ ትሳፈራለች። ስልክ እያለ ምን ጻፊ አላት እንዳይሉኝ። በስልክ ዝም ሲሉኝ መስመሩ ይቆረጥ እርስዎ ይቀየሙ መለየት አልችልም፤ ይህ ነገር ደግሞ እንዲያ ያለ ዝምታ አይችልም።

ነገሩ የሄርሜላ ነው። ልጄ ነርስ ሆና ሥራ ከያዘች ሁለት ዓመቷ ነው። ኖኤል ከሚባል ልጅ ጋር እንደምትቀራረብ አውቃለሁ፤ እዚሁ ኦስሎ የተወለደ፣ የኤሌክትሪክ ሥራ የሚሠራ፣ ጨዋ ልጅ ነው። አባቱ አቶ ዓምሃ በደርግ ጊዜ ሶቪየት ኅብረት፣ ኦዴሳ ተልከው የተማሩ መሐንዲስ ናቸው። ባለፈው ሳምንት ሄርሜላ የኖኤል ቤተሰብ እራት ጋብዘውናል፣ መተዋወቂያ ነው፣ ጥሩ ልብስ ልበሽ አለችኝ። ቦታው መሃል ከተማ ያለ የሩሲያ ምግብ ቤት ነው፤ አባትየው የወጣትነታቸውን ምግብ ሲናፍቁ እዚያ ይሄዳሉ አለችኝ። እኔም አመንኩ።

ወንድም ጋሼ፣ ቤቱን ቢያዩት። ገና ከበሩ ካፖርት ተቀብሎ የሚሰቅል ሰው ቆሟል። ወንበሩ ቀይ ከፋይ ለብሷል፤ ጠረጴዛው ላይ ለአንድ ሰው አራት ብርጭቆ ተደርድሯል። ጥግ ላይ ሙዚቀኞች አሉ፤ አንዱ አኮርዲዮን፣ አንዱ ቫዮሊን ይጫወታል፣ አንዲት ደልደል ያለች ሴትዮ ደግሞ ባለ ሦስት ማዕዘን የሆነ ነገር እንደ ክራር ትመታለች። የሥራ ጫማዬን ቀይሬ በመምጣቴ ጌታን አመሰገንኩ። አቶ ዓምሃ ብቻቸውን አልነበሩም። የሆልምሊያ ሰፈሩ አቶ ኢተፋ፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ፣ አብረዋቸው አሉ፤ ከበርገን ከተማ የመጡ አንድ መጋቢም አሉ። ሦስቱም ሙሉ ልብስ ከነክራቫቱ። የእኛ ሰው መልበስ ይወዳል ብዬ አለፍኩት።

ምግቡ መጣ። የቀይ ሥር ሾርባ፣ በረዶ ላይ የተቀመጠ ጥቁር የዓሣ እንቁላል፣ ሥጋ በሊጥ ተጠቅልሎ የተቀቀለ። ከሥራ ወጥቼ ምንም ሳልቀምስ ስለመጣሁ ርቦኛል። በልቤ ጸለይኩና ከሊጡ ሦስቱን ዋጥ ዋጥ አደረግሁ። ቀና ስል ማንም አልበላም። ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገዋል። ኖኤል ሹካውን እንኳ አላነሳም፤ ሾርባውን ብቻ ያየዋል። ያኔ ለሽምግልና እንደመጡ ገባኝ። ሽማግሌ መልስ ሳይሰማ ውሃ እንኳ እንደማይቀምስ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።

ወደ ሄርሜላ ዞሬ ታውቂ ነበር ወይ አልኳት በጆሮዋ።

«ብነግርሽ ለጋሽ ግዛው ሳልደውል አልመጣም ትይ ነበር» አለችኝ።

እንግዲህ ይፍረዱኝ። በእኛ ወግ ሽማግሌ የልጅቷ ቤት ሄዶ በር ላይ ይቆማል፣ እኛ ግቡ እንላለን። እዚህ ጋባዦቹ እነሱ፣ ማዕዱ የእነሱ፣ ልጅቷ ራሷ ከጎኔ፣ እኔ ደግሞ አፌ ሙሉ። የሰው ምግብ እየበሉ እንዴት ነው እምቢ የሚባለው? እሺ ቢባልስ በሆድ የተገዛ እሺ አይመስልም?

አስተናጋጁ ምግቡ ሳይነካ ቢያይ ደንግጦ መጣ፤ የተበላሸ ነገር አለ ወይ አለ። አቶ ዓምሃ በሩሲያኛ አንድ ነገር ነገሩት። ምን እንዳሉት እንጃ፣ ወዲያው ሦስቱ ሙዚቀኞች መጥተው ጠረጴዛችንን ከበቡ። አቶ ኢተፋ ሊናገሩ ከመነሳታቸው አኮርዲዮኑ ተለቀቀ። ቆመው ጠበቁ። ሌሎቹ ተመጋቢዎች ምርቃት ሊያደርጉ መስሏቸው ብርጭቆዎቻቸውን አንስተው ዞሩባቸው። ጠጅ በአፋቸው ዞሮ የማያውቅ ሰውዬ ባዶ እጃቸውን አንስተው አጸፋውን መለሱ። ሌላ ቀን ቢሆን በሳቅ እሞት ነበር።

ሙዚቃው ሲያልቅ አቶ ኢተፋ «እህት አባይነሽ፣ የመጣንበትን ሳናደርስ አንቀምስም። ልጅዎን ለልጃችን ይስጡን» አሉ።

አልዋሽዎትም፣ እሺ የምትለዋ ቃል ምላሴ ላይ ነበረች። የሄርሜላ አባት መኩሪያ ቢኖር ይመልስ ነበር፤ ካረፈ ስምንት ዓመቱ። ሄርሜላ ከጠረጴዛው ስር ጉልበቴን ይዛዋለች። ያኔ የእርስዎ ሳሎን ድቅን አለብኝ። ለእኔ የመጡት ሽማግሌዎች ተቀምጠው፣ እርስዎ ለሌላ ሰው ቃል ሰጥተው፣ እኔ በጓሮ በር ከመኩሪያ ጋር የወጣሁበት ቀን። ተመልሰው ገብተው ለእነዚያ ሰዎች ምን እንዳሏቸው እስከ ዛሬ ደፍሬ አልጠየቅሁዎትም። ስድስት ዓመት አላናገሩኝም። እውነት ነበረዎት።

«ልጅቷ አጎት አላት። ቃሉ የእሳቸው ነው» አልኳቸው።

ሄርሜላ ጉልበቴን ለቀቀችው። በኖርዌይኛ፣ ሁለት ጊዜ ብቻ ላየሁት ሰው ነው የምታስጠብቂኝ አለች፤ ሁሉም ሰሙ። አቶ ዓምሃ ነገሩን ለማለዘብ ሳቅ ብለው ሳህኔን አዩና «እኛ አፋችንን ይዘን እርስዎ ሦስቱን አጣጥመዋል እኮ፤ ይህማ ግማሽ መልስ ነው» አሉኝ። ቀልድ ነው፤ ግን ወጋኝ።

አስተናጋጁን ጠራሁት። በዚች በተሰባበረች ኖርዌይኛዬ አንድ ሙሉ ጥቁር ዳቦ አምጣ፣ ሂሳቡን ለብቻዬ አድርገው አልኩት። ሲመጣ በእጄ ቆረስኩና «ያኛው ማዕድ የእናንተ ነው፣ አትንኩት። ይህ ግን የእኔ ነው። መልስ አይደለም፤ እንግዶቼ ሆናችሁ ብሉ። የበላሁባችሁንም በዚሁ መልሻለሁ» አልኩ።

አቶ ኢተፋ ዞረው መጋቢውን አዩ። በመጨረሻ ተቀመጡና ቁራሹን ተቀበሉኝ፤ ሌሎቹም ተከተሉ። ያ ሁሉ ምግብ ተዘርግቶ፣ ቫዮሊኑ እያለቀሰ፣ ደረቅ ዳቦ በላን። የቀረውን በካርቶን አሽገው ለኖኤል አሸከሙት። ታኅሣሥ 13 ቅዳሜ ሮምሶስ ሰፈር ቤቴ ድረስ መጥተው፣ በወጉ በሬ ላይ ሊቆሙ ተቀጣጠርን።

ስንወጣ ኖኤል ካፖርቴን እያለበሰኝ «እኔ እጠብቃለሁ። አንቺ ግን ከሄርሜላ ጋር ታረቂ» አለኝ። እዚህ የተወለዱት አንቱታ አያውቁም። እናቱን የሚያናግር ነው የመሰለኝ፤ አልከፋኝም።

ወንድም ጋሼ፣ እኔ ልጁን ወድጄዋለሁ። ይህን ሳልደብቅ እነግርዎታለሁ፤ ቃሉ ግን የእርስዎ ነው። እሺም ይሁን እምቢ፣ ከቀጠሮው በፊት በራስዎ አንደበት ያድርሱኝ። እታለም አሥር ቀን ትቆያለች፤ በእሷ ቢልኩት ይደርሳል። ያኔ ያልጠየቅሁዎትን ፈቃድ ዘንድሮ ጠይቄያለሁ። ሄርሜላ ግን ከዚያ የቅዳሜ እራት ወዲህ ከሰላምታ በቀር አታናግረኝም፤ ቤቱ ከብዶኛል።

እቴ ጤናዬን እጅ ነስቻለሁ ይበሉልኝ፤ የጉልበት መቀቢያው ከእታለም ሻንጣ ውስጥ አለ፣ እሷው ትቀባዎት። ታደገን በርታ፣ ትምህርትህን ያዝ ይበሉልኝ። ሀሌሉያን ሁለቱን ጉንጮቿን ይሳሙልኝ፤ ቀይ ሹራቡ የእሷ ነው። ጎረቤቶቹን በስም በስማቸው ሰላም ይበሉልኝ።

ልዘጋው ስል ሄርሜላ ከሥራ ገባች። ለማን ነው የምትጽፊው አለችኝ፤ ነገርኳት። ካፖርቷን ሳታወልቅ «ደግ ነው ግን ሰውየው?» አለችኝ።

አባትሽ የሞተ ጊዜ ከሁሉ ቀድመው የደወሉት እሳቸው ናቸው፣ ደግ ናቸው፣ አልኳት። አደራዎን፣ ልጄ ፊት አያስዋሹኝ።

ታናሽ እህትዎ አባይነሽ
ኦስሎ፣ ኅዳር 10 ቀን 2005 ዓ.ም.